መከራ ሲደራረብ ስሜትን መያዝ፣ ነገርን አጥርቶ ማየት፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራ ሲጠፋ፣ ዘመድ ሲሞት፣ መንገድ ተዘግቶ ከቤተሰብ ሲለያዩ፣ ፈተና ሳይሳካ ሲቀር ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይቀራረባሉ። እዚህ ያሉት መልሶች አንድ ቅደም ተከተል አላቸው፦ በመጀመሪያ ሰውነት ይረጋጋል፣ ቀጥሎ ስሜቱ በስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ሐሳቡ ይፈተሻል፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ይሠራል። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ከኋላ ስለሚጀምር ነው። ልቡ እየዘለለ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከራሱ ጋር ክርክር ይገጥማል፤ አንዳንዴም በዚያው ቅጽበት ትልቅ ውሳኔ ይወስናል።

ክፉ ወሬ ስሰማ ልቤ ይመታል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከምንም በፊት ይቀመጡ። ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያስረግጡ፣ ትከሻዎን ዘና ያድርጉ። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሐሳብም አደጋው ላይ ብቻ ይጣበቃል። በዚያ ሰዓት ማመዛዘን ያቃተው ሰው ደካማ አይደለም፤ ሰውነቱ ለሩጫ ተዘጋጅቶ ነው።

ትንፋሹን እንዲህ ይሥሩ። በደረትዎ ያለውን አየር አስቀድመው ቀስ ብለው ያውጡ። ከዚያ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው 6 እየቆጠሩ ያውጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በደቂቃ 6፣ በ5 ደቂቃ 30 ዙር ይሆናል። መቁጠሪያ ወይም ተስቢህ በእጅዎ ካለ በእሱ መቁጠር ይቀላል። ዋናው ነገር ማስወጣቱ ከማስገባቱ መርዘሙ ነው፤ ልብን የሚያዘገየው ነርቭ ይበልጥ የሚሠራው አየር ስናወጣ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "በረጅሙ ተንፍስ" ሲባል አየር በኃይል መሳብ ስለሚጀምር ነው። በፍጥነትና በብዛት ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ሰውየውም ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። እንዲህ ከሆነ የሚያስገቡትን አየር ይቀንሱ እንጂ አይጨምሩ። ሌላው ስህተት ልምምዱን ለክፉ ቀን ብቻ ማስቀመጥ ነው። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ያልተለማመዱት ነገር በጭንቅ ሰዓት አይገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ደረትን የሚያፍን ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከዘለቀ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎ "ጭንቀት ነው" ብለው አይጠብቁ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስሜቴን ውጬ ብይዘው አይሻልም? በተለይ ወንድ ከሆንኩ?

ፊትን ማረጋጋትና ውስጥን ማረጋጋት ለየቅል ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቹ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ስሜቱን ከፊቱ የሚደብቅ ሰው የሚሰማው ክፉ ስሜት አይቀንስለትም፤ ሰውነቱ ይበልጥ ይወጠራል፣ በዚያ ሰዓት የተነገረውንም በደንብ አያስታውስም። ለልጆች ሲሉ ለአንድ ሰዓት መቻል ያስመሰግናል። ለወራት ውጦ መኖር ግን በራስ ምታት፣ በጨጓራ ማቃጠል፣ ምንም ባላጠፋ ልጅ ላይ በሚወርድ ቁጣ ይወጣል።

ማፈን አይጠቅምም ማለት ያሻውን መናገርና ዕቃ መወርወር ይጠቅማል ማለት አይደለም። "ንዴቴን ላውጣው" ብሎ መጮህና መደብደብ ንዴቱን ያቆየዋል፣ ያባብሰዋልም። የሚረዳው ስሜቱን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ነው። "ደብሮኛል" ወይም "ሆዴን ባር ባር አለኝ" መነሻ ነው፤ ከዚያ ግን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይግቡ። ስጋት ነው? ንዴት? ቁጭት? ሐዘን? ሀፍረት? መለየቱ የሚያስፈልገው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ስጋት ዝግጅት ይፈልጋል። ንዴት የተጣሰ ነገር እንዳለ ይናገራልና ከበረደ በኋላ በግልጽ መነገር አለበት። ሐዘን ሰውና ጊዜ ይፈልጋል። ሀፍረት ደግሞ በዝምታ ውስጥ ያድጋል፤ ቢያንስ ለአንድ የሚታመን ሰው መነገር አለበት። ከሁሉም ተደብቆ የሚቆየው ይኸው ሀፍረት ነው። ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋ አባወራ "ተናድጃለሁ" ይላል እንጂ "አፍሬያለሁ" ማለት ይከብደዋል። የቤቱ ሰዎች ቁጣውን ብቻ አይተው ሲሸሹት ይብስበታል።

መናገር ካልተቻለ ይጻፉ። በጥናት የታወቀው አካሄድ ለ3 ወይም ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ የሆነውንና የተሰማዎትን ለፊደልና ለአገባብ ሳይጨነቁ መጻፍ ነው። እንደጨረሱ ሐዘኑ ለጊዜው ቢከብድ አይደንግጡ። ሰው እንዳያነበው ከፈሩ ቀደው ያቃጥሉት፤ ጥቅሙ በመጻፉ ነው። መጻፉ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ትዝታ ከቀሰቀሰ ግን ያቁሙ፤ ያ ከባለሙያ ጋር የሚሠራ ነው።

ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ራስን ማታለል አይሆንም?

ክፉውን ደግ ነው ማለት ከሆነ አዎ፣ ማታለል ነው። እዚህ የምንለው ሌላ ነው፦ የሆነውን ነገር እኛ ከጨመርንበት ትርጉም መለየት።

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ የሆነው፣ ለራሴ የነገርኩት፣ ማስረጃው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ውጤቱን አየ እንበል። በመጀመሪያው ዓምድ የሚጻፈው "ከ50 በመቶ በታች አመጣሁ" የሚለው ብቻ ነው። በሁለተኛው "ሰነፍ ነኝ፤ ቤተሰቤን አዋረድኩ፤ አለቀልኝ" ይላል። ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ይይዛል። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት ፈተና የአንድን ልጅ ስንፍና ብቻ አይለካም፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የጎደለ መጽሐፍ፣ የተቋረጡ ወራት አሉበት። በሌላ በኩል "ሒሳብ ላይ ጊዜ አልሰጠሁም" የሚል እውነት ካለ እሱም ይጻፍ፤ ለራስ የሚያደላ ማስረጃ ብቻ ከተሰበሰበ ልብ አያምነውም።

ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ "ውጤቱ አልበቃኝም፤ ብቻዬን አይደለሁም፤ ሒሳብ ላይ ክፍተት አለብኝ፤ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት)፣ ቴክኒክና ሙያ ወይስ ድጋሚ ፈተና የሚለውን እስከ ዓርብ አጣርቼ እወስናለሁ።" ልብ ይበሉ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ደስ አያሰኝም። የተጻፈው እውነት እንዲሆንና ቀጣዩን መንገድ እንዲያሳይ ነው። "ሁሉም መልካም ይሆናል" ብሎ የጻፈ ሰው ምሽት ላይ ወደ "አለቀልኝ" ይመለሳል፤ ማስረጃ የሌለው ማጽናኛ ሌሊቱን አያሻግርምና። "ሁልጊዜ"፣ "ማንም"፣ "በጭራሽ"፣ "አለቀ" የሚሉ ቃላት በሁለተኛው ዓምድ ሲበዙ ያስምሩባቸው፤ ብዙውን ጊዜ የተጋነነው እዚያ ነው።

ወረቀት በሌለበት ቦታ ደግሞ ራስዎን በስም ይጥሩ። "ምን ሆኜ ነው?" ከማለት "አለሙ፣ አሁን ምን ማድረግ ትችላለህ?" ማለት ከስሜቱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያሳያል። የኢታን ክሮስና የባልደረቦቹ ጥናቶች ይህን ደግፈዋል። ወይም "ታናሽ እህቴ ይህ ቢደርስባት ምን እላት ነበር?" ብለው ይጠይቁ። ሰው ለእህቱ የማይወረውረውን ስድብ ለራሱ ሲወረውር ይውላል።

"ለበጎ ነው" የሚለውስ? የተጎዳው ሰው ራሱ ከእምነቱ አውጥቶ ሲናገረው ብርታት ነው። ጠያቂ ገና በበሩ ሲገባ ሲናገረው ግን የተጎዳውን አፍ ይዘጋል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እባክዎ ይጠንቀቁበት።

ጎብኚ የለም፣ ጀልባዬ ቆሟል፤ ወይም መረቤን እምቦጭ አረም ያዘብኝ። በእጄ ያልሆነውን ነገር እንዴት ልቻለው?

ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 እ.ኤ.አ. ያብራሩት አከፋፈል እዚህ ላይ ይጠቅማል። መከራን መቋቋም በሁለት በኩል ነው፦ ችግሩን ራሱን ለመቀየር መሥራት፣ ወይም ችግሩ የሚያመጣውን ስሜት ማስታገስ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጉዳት የሚመጣው ቦታቸው ሲለዋወጥ ነው። "ያን ቀን ባልልከው ኖሮ" እያሉ ለሞተ ሰው መፍትሔ መፈለግ ሰውን ይጨርሳል፤ እዚያ የሚያስፈልገው መጽናናት ነው። ቀን የተቆረጠለትን ዕዳ ደግሞ በእንቅልፍና በመጠጥ ማስታገስ ዕዳውን ያሳድገዋል።

ሁለቱን ለመለየት ወረቀት በሁለት ዓምድ ይክፈሉ፤ በእጄ ያለው፣ ከእጄ ውጭ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በእጁ ነቅሎታል፣ ማሽንም ገብቶበታል፤ ተመልሶ ይበቅላል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ሐይቁን ብቻውን አያጸዳም፤ ይህ "ከእጄ ውጭ" በሚለው ዓምድ ይጻፍ። በእጁ ያለው መረብ የሚጥልበት ቦታና ሰዓት፣ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር መረብ በተራ መጠበቅ፣ ያገኘውን ቆረሶና አምባዛ ለማን እንደሚሸጥ፣ ዓሣ ሲሳሳ ጓሮው ላይ ምን እንደሚያለማ ነው። የጀልባው ባለቤትም ጎብኚ በምኞት አያመጣም፤ ሞተሩን ማስፈተሽ፣ ወደ ዘጌ የሚሻገር የአካባቢ ሰውና ጭነት ማፈላለግ ግን ይችላል። ገቢው እንደ ድሮው አይሆንም። ቢሆንም ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰውና የሌለው ሰው ሐሳባቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

በእጅዎ ካለው ዓምድ ዛሬ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ አንድ ነገር ይምረጡ። ካላለቀ ትልቅ ነው፣ ይቁረጡት። "ሥራ መፈለግ" እርምጃ አይደለም፤ "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለት ጋራዥ ገብቼ እጠይቃለሁ" እርምጃ ነው። ፍላጎት እስኪመጣ አይጠብቁ። በትካዜ ጊዜ ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ይከተላል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ጠብቆ ወራት ያልፉበታል።

ዕዳ ካለ ለማን፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ የሚለውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። አበዳሪው ወይም የእቁቡ ሰብሳቢ ዘንድ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ሄደው የሚችሉትን መጠንና አዲስ ቀን ይንገሯቸው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልክ ማጥፋት ከገንዘቡ በላይ መተማመንን ያጠፋል።

ሌሊት ሐሳብ አላስተኛ ሲለኝ?

ለጭንቀት ቀጠሮ ይስጡት። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ 20 ደቂቃ ተቀምጠው የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ ይጻፉ፤ ከየአንዱ ጎን "ነገ የማደርገው" ወይም "የምተወው" ብለው ያመልክቱ። ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስ "ቀጠሮህ ነገ ነው" ይበሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታዘዝም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይታገሱት። መኝታ ላይ ሆነው 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ተነስተው በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጡ፣ ሲያንቀላፉ ይመለሱ። ምንም ያህል ክፉ ሌሊት ቢያልፍ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ከሁሉ ይበልጣል።

የቡናውን ነገር በደንብ ያስቡበት። በቡና ውስጥ ካለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ከካፌይን፣ ግማሽ ያህሉ ከተጠጣ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም በሰውነት ውስጥ ይገኛል። ቡናውን መተው አይገባም፤ ጎረቤት የሚገናኘው በእሱ ነው። የመጨረሻው ሲኒ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ባያልፍ፣ ማታ ከተጠሩም በአቦሉ ቢበቃዎ ይሻላል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሲበርድ ሌሊት ያባንናል፣ ጭንቀቱንም ያጠነክረዋል። ጫትም እንዲሁ እንቅልፍ ይነሳል።

ወሬ መከታተል ልተው?

አይተውት፤ ሰዓት ይመድቡለት። በቀን ሁለቴ፣ እያንዳንዱ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ፤ ከእንቅልፍ እንደነቁ ወይም ሊተኙ ሲሉ አይሁን። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ የተጠራቀመውን የቴሌግራምና የፌስቡክ መልእክት ሁሉ ለማንበብ አይሞክሩ። መጀመሪያ ለቤተሰብ ይደውሉ። የአስከሬንና የጥቃት ቪዲዮ ማየት መረጃ አይጨምርልዎትም፤ ለሳምንታት በዓይንዎ ይመላለሳል።

ሐዘን መቼ ያበቃል? የሐዘንተኛ ቤት ሄጄስ ምን ልበል?

ሐዘን በቀጥታ እየቀነሰ አይሄድም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በበዓል ቀን ይመለሳል። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሰውን ሰብስቦ ስለሚያስለቅስ ይረዳል። ከባዱ ጊዜ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ያለው ነው፤ ጠያቂ ይቀንሳል፣ ቤቱ ዝም ይላል። ስለዚህ እድርተኛም ጎረቤትም ከሆኑ ከለቅሶው ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ላይ ለመሄድ ቀኑን ምልክት ያድርጉበት።

እዚያ ሲደርሱ "የሚያስፈልግ ነገር ካለ ይንገሩኝ" አይበሉ፤ ሐዘንተኛ አይጠይቅም። "እትዬ፣ ነገ ገበያ እወርዳለሁ፤ ሽንኩርትና ዘይት ላምጣልዎ" ይበሉ። የሟቹን ስም ለማንሳት አይፍሩ። "ጋሼ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?" የሚለው ጥያቄ ከ"አይዞዎት፣ አያልቅሱ" የበለጠ ያሳርፋል። ካለቀሱ ዝም ብለው አብረው ይቀመጡ።

መንገድ ተዘግቶ ለቀብር ያልደረሰ ሰው ሐዘኑ ይዘገያል። ዘግይቶም ቢሆን ዘመድ ጎረቤት ጠርቶ አልቅሶ መታሰቢያ ማድረግ ተገቢ ነው። ከ6 ወር እስከ ዓመት አልፎም ሐዘኑ ከመጀመሪያው ቀን ሳይለይ ሥራና ቤት ካስተወ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

ልጆችስ?

እንደ ዕድሜያቸው፣ በአጭሩ፣ እውነቱን ይንገሯቸው። "አባትህ ሄዷል፣ ይመጣል" የተባለ ልጅ በር በር ሲያይ ይኖራል። የመኝታና የምግብ ሰዓታቸው አይዛባ። ትልቅ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር ወይም ከእናቱ አልለይ ቢል አይቆጡት፤ ፍርሃቱን የሚናገረው በዚያ ነው።

ጸበል ይሻላል ወይስ ሐኪም?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱን ለመተው እየተገደደ ነው፤ መምረጥ ግን የለበትም። ጸሎትና ጸበል ብርታት ይሰጣሉ፤ ሕክምናው ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። አደጋው ጸበል ሲገባ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት "አልሠራልኝም" ብለው አይተዉት። ሲሻልዎትም በራስዎ አያቁሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። የሚጾሙ ከሆነ የመውሰጃውን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ፤ ያለ ሪፈር ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቀድሞ የሕክምና ወረቀትና የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይያዙ። ሁኔታዎን በቅርብ የሚያውቅ ሰው አብሮዎ ቢገባ ጥሩ ነው፤ የእንቅልፍና የምግብ ለውጥን ከሕመምተኛው በፊት የሚያየው እሱ ነው።

መቼ ነው ከራሴ አቅም በላይ የሚሆነው?

ትካዜው ወይም ምንም ነገር ደስ አለማለቱ በአብዛኛው ቀን ለ2 ሳምንት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ራስን መውቀስ ከበዛ፣ ሥራ ካቃተ ይሂዱ። የወለደች እናት ልጇን መቅረብ ካስጠላት፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አንድ ሰው "ብሞት ይሻለኝ ነበር" ካለ በቀጥታ ይጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። "ኃጢአት ነው፣ እንዴት ታስባለህ" ብለው አይገሥጹት፤ ያኔ ይደብቅዎታል። "አዎ" ካለ ብቻውን አይተዉት። የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካልን፣ የተጠራቀመ መድኃኒትንና የጦር መሣሪያን ከቤት አውጥተው ሌላ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ፤ ክፉው ሐሳብ የሚበረታው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ይህ እርምጃ ነፍስ ያድናል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻልበት ቀን ከሆነ ሁለት ሰው ተራ ገብቶ አብሮት ይደር፤ ሲነጋ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ለካርድ ክፍሉም ለሐኪሙም ጉዳዩ ራስን ስለማጥፋት መሆኑን ሳያድበሰብሱ ይንገሩ። "ራሱን አመመው" ከተባለ ተራ እንዲጠብቅ ይደረጋል።